የጋሼ ድርሻ

ጥቅምት ፭

ከሩቅ ሆኜ በናፍቆት ለማስብሽ፣ ለክብርት የእህቴ ልጅ፣ ሰላምታዬ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ይድረስሽ።

ይህን ከላይ ያለውን እኔ አላልኩም። የሚጽፍልኝ ሰው ነው ያከለው። «ደብዳቤ እንዲህ ካልጀመረ ማመልከቻ ይመስላል» አለኝ። ይሁን። የእኔ ሰላምታ ይሄ ነው፤ ደህና ነሽ ወይ? በልተሻል ወይ?

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ እሱ የእኔ ጉዳይ ነው። ትንሿ እህትሽም ደህና ናት። ቁመቷ መቃኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ሥራ ግን አላገኘችም፤ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ስትነታረክ ትውላለች። ብር ልላክ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አትላኪ። አርባ ዓመት ሰው ያበላሁ ሰው ነኝ። ምግብ ቤቴ ተዘጋ እንጂ እጄ አልተዘረጋም።

መላክ ከፈለግሽ ሌላ ነገር ላኪልኝ። ከሰዓት በኋላ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ያለችው ምግብ ቤት ውስጥ እንቀመጣለን፤ እኔ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌርና ልብስ ሰፊው። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ሾርባ። ሥራችን የበላንባቸውን ቤቶች ማማት ነው። ሾፌሩ በጎማ ያልረገጠው አገር የለም። «ወንዝ ዳር ከሆንክ ዓሳ ብላ፣ ደጋ ከወጣህ ባቄላ ብላ፣ ጠረፍ ከደረስክ ግን ውሃ ጠጥተህ ተኛ» ይላል። ልብስ ሰፊው ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም በየትኛው ቤት የትኛው ወንበር እንደሚያነክስ ሳይቀር ይነግርሻል። ባለፈው እሱ ነው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተስ? ማዶ ያለችው ልጅህ የት ነው የምትበላው?» ያለኝ። መልስ አጣሁ። እኔ ስለ ምግብ ተጠይቄ መልስ ሳጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ስለዚህ የምትበይበትን ቤት ንገሪኝ። ምን እንደሚቀርብ፣ የየትኛው አገር ሰው ምን እንደሚወድ፣ ሰው እንግዳ ሆኖ ቢመጣ ምን ብሎ እንደሚያዝ። ስታወሪኝ አታዳንቂ። ለባለሙያ እንደሚነገር አድርጊው።

ስልክ ልደውል እንዳትይኝ፤ ጆሮዬ ለስልክ አይሆንም፤ በስልክ የሚሰማኝ ንፋስ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ይሄው የሚጽፍልኝ ሰው ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ባለ ከረባቱ። ልብስ ሰፊውም ማንበብ ይችላል፤ ግን የቤቴን ነገር ለዚያ ምላስ አልሰጥም። ይሄኛው ጨዋ ነው፤ ሲያነብ ሬዲዮ የተከፈተ ነው የሚመስልሽ።

እጅሽ ያኖረው ሁሉ ይብሰል።

አጎትሽ


ኅዳር ፲፱

ለውድ አጎቴ፣ ለአሳዳጊዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን «የእኔ ጉዳይ ነው» ቢሉም የእኔም ጉዳይ ነው፤ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከሩ ይሰሩበት። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። የምሠራበት ቤት ራሱ ምግብ ቤት ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ልብስ አላቸው፤ ብርጭቆዎቹ ቀጭን ናቸው፣ አጥብቀው ከያዟቸው ይሰበራሉ። በአንድ ምሳ ብቻ የአራት አገር ሰው ይቀመጥበታል። ከተራራው ወገን የሚመጡት ሰዎች በግ ነው የሚወዱት፤ አጥንቱን እስኪነጣ ይግጡታል፤ ሎሚውንም ጨምቀው ልጣጩን ብቻ ነው የሚተዉት። ከባሕሩ ወገን የሚመጡት ዓሳ ያዛሉ። ጭንቅላቱን ግን አይነኩትም፤ ጉንጩ ላይ ያለችውን ሥጋ አያውቋትም። አጎቴ፣ የዓሳ ጣዕም ያለው እሷ ጋ ነው። የከተማው ሰዎች የዳቦውን ሆድ በልተው ቅርፊቱን ይተዋሉ። ቅርፊቱን በሳህኑ ጠርዝ ላይ በረጋው መረቅ ቢያጠቅሱት ሌላ ነገር አያስመኝም። ሩዙ ትንሽ ደረቅ ብሎ ጥርስ ስር ይንኳኳል፤ እኔ እንደዚያ ሲሆን ነው የምወደው። የሾርባው ቅባት ላዩ ላይ ስስ ሆኖ ይሰፍፋል፤ በማንኪያ ጫፍ ሲነኩት እንደ ወተት ቆዳ ይሰበሰባል።

ለሾፌሩና ለልብስ ሰፊው ይንገሩልኝ፤ አንድ ቀን እግር ጥሏቸው እዚህ ከመጡ በጉን ይዘዙ። ዶሮውን አይዘዙ፤ ዶሮው ግማሹ ሁልጊዜ ይመለሳል።

ስልኬ ከቤቱ እመቤት ዘንድ ነው። ደብዳቤ ሲጽፉልኝ በዚሁ ቤት አድራሻ ይላኩት፤ አትክልት የሚያመጣው ሰውዬ ደግ ነው፤ የእኔንም ወስዶ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ትልቋ


ታኅሣሥ ፳፪

የብዕሬ ቀለም ሳይደርቅ ናፍቆቴ እደጅሽ ይድረስ። ይህም የባለ ከረባቱ ነው። እኔ ብዕር የለኝም፣ ቀለሙም የእሱ ነው።

ደብዳቤሽ ስንት ነገር እንደሠራ ብታዪ! ባለ ከረባቱ ከገበያው ጀርባ ያለችው ምግብ ቤት ድረስ መጥቶ ቆሞ ነው ያነበበው። ያስተናጋጇ እጅ እንኳ ቆሟል። ሾፌሩ «የዓሳ ጉንጭ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው፤ ሾርባው ፈሰሰ። «አያችሁ? ይህቺ ልጅ ታውቃለች! ስንት ዓመት ጭንቅላቱን ለድመት ስሰጥ ኖሬ!»

ልብስ ሰፊው ግን መርፌውን አይተውም። «ልጅቷ የምትበላው አንተ በዕድሜህ ሠርተህ የማታውቀውን ነው» አለኝ።

«አንተ የሰፋኸው ሱሪስ መቼ ነው ሁለት እግሩ እኩል ሆኖ የሚያውቀው?» አልኩት። ሳቁበት። እሱም ሳቀ፤ ግን ቅናት እንደያዘው ከዓይኑ ያስታውቃል። ለትንሿም ነገርኳት፤ «ይሄ ሰውዬ በእህትሽ ይቀናል» ብዬ።

ትንሿ ደብዳቤውን ሦስቴ አስነበበችው። እሷም እንደ እኔው ፊደል አትለይም፤ ትምህርት ቤት ስልካት ስትኮበልል ነው ያደገችው። አሁን አፏን የፈታችው በአንቺ ምግብ ቤት ነው። ገበያ ስትሄድ «ከተራራው ወገን የሚመጡት በግ ይወዳሉ» እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች፤ አብራሽ የበላች ነው የሚመስልሽ። ትናንት ደግሞ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ባለ ከረባቱ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቅበታል፤ ከዚህ በፊትም የሰው ልጆች ልኳል። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። ያንቺን ቃል እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። ባለ ከረባቱ «ይሄን አንጻፈው፣ ይከፋታል» አለኝ። ጻፍ አልኩት። ልጄ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ እንፋሎት የለም። ሩዙ ደርቋል፤ መረቁ ረግቷል፤ ቅባቱ ሰፍፏል። ትኩስ ነገር የቀረበለት ሰው አስቀድሞ የሚያወራው አፉን ስላቃጠለው ነው። አንቺ የነገርሽኝ የተበላውን እንጂ የሚበላውን አይደለም። ዶሮው ግማሹ እንደሚመለስስ የሚያውቅ ማነው? የሚበላ ሰው ነው? ከወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ ሳህን ታነሻለሽ? እውነቱን ንገሪኝ። እኔ የማላውቀው ፊደል ነው እንጂ ሳህን አይደለም።

የበላሽው ለጤናሽ ይሁን።

አጎትሽ


ጥር ፳፮

ለውድ አጎቴ፤

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት ሰው ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

አወቁብኝ። ደብዳቤዎን እጣቢው አጠገብ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ «እንፋሎት የለም» የሚለው ላይ ስደርስ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ዙሪያዬን አየሁ።

አልበላም አጎቴ። አዳራሹ ውስጥ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ እስኪዘጋ ሳህን አጥባለሁ። በጉንም ዓሳውንም የማውቀው ሲመለስ ነው። ከሳህኑ ወደ ቆሻሻው ከመጣሉ በፊት ቆሜ የማገኘውን እበላለሁ፤ ለእኛ ተብሎ የሚሠራ ነገር የለም። የዓሳዋን ጉንጭ ያገኘኋት ለዚያ ነው፤ ሌላው የበላውን ሁሉ በልቶ እሷን ስላላያት።

የማጠቢያው መድኃኒት እጄን ልጦታል፤ ይህ ጽሑፍ የተንጋደደው ለዚያ ነው። የምተኛው ዱቄት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በውጭ በኩል ነው። ፓስፖርቴን እመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። ልሂድ ስላት «ሂጂ» ትለኛለች፤ መሳቢያውን ግን አትከፍትም። ከእኔ በፊት የመጣች አንዲት ሴት አብራኝ ታጥብ ነበር። ስትታመም በጓሮ በር አስወጧት፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። አሁን በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። «እህት የለሽም ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ የለኝም ብያለሁ።

ትንሿን አይላኳት። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ትንሿን አይላኳት። ብትለምንዎትም፣ ብታለቅስም፣ ብታኮርፍም። ያኮረፈች ልጅ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ውሸት ነው ይበሏት። ለምን ዋሸሽ ካሉኝ፣ የጠየቁኝ ምን እንደምበላ ነበር፤ እውነቱን ብጽፍ ከገበያው ጀርባ ካለው ቤት ቁጭ ብለው ሾርባዎ እንዴት ይወርድልዎታል ብዬ ነው።

ለሾፌሩና ለልብስ ሰፊው ምንም አይንገሩ። ወይም ይንገሩ፤ እንደፈቀዱ። ትንሿን ብቻ አይላኳት።

ትልቋ


የካቲት ፳፱

እንደ ማለዳ ጀምበር ደስታዬ ደምቆ ይድረስሽ። ዛሬ ይሄን እኔም ብየው ነበር፤ ባለ ከረባቱ ግን ቀድሞኝ ጽፎታል።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ወረቀቱ ሁለት ነው፣ በፊትም በጀርባም ሞልቷል፤ ንባቡ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳልጨርስ አለቀ። «ምነው አጠረ?» ስለው «ልጅቷ ፊደሏን አግዝፋ ነው የምትጽፈው» አለኝ። እኔ የት አውቃለሁ።

ስለ እንፋሎቱ የሰጠሽኝን መልስ ሰማሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስለምትበዪ ነው ምግቡ የሚበርድብሽ። ጥሩ። «እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ» ማለትሽም ደስ አሰኝቶኛል። ጠርጥሬሽ ነበር። ይቅርታ አልልም፤ መጠርጠር ሙያዬ ነው፤ ግን ያን ዕለት ሾርባዬ ወረደልኝ።

«አልጋዋ ተዘጋጅቷል፣ ቶሎ ላኳት» ያልሽውንም ለትንሿ ነገርኳት። ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጉልበቴን ሰበረችው። ባለ ከረባቱ ከፖስታው ላይ አድራሻውን ወስዶ ለባለቤቶቹ ጽፎላቸዋል። መልስ መጣ፤ ይፈልጓታል። ወረቀቷን እሱ ነው የሚያስጨርሰው። እስከዚያው ቤቱ ወስዷታል፤ ሚስቱ የማዶ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ታስተምራታለች። እግረ መንገዷን ልብሳቸውንም ታጥብላቸዋለች፤ ምን አለበት፤ ሥራ ይልመድባት።

ቤቱ ጭር ብሏል። እሷ ስትነታረከኝ «ዝም በይ» ስል ነበር፤ አሁን ዝምታው ይነታረከኛል። ግን ሁለት እህትማማቾች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ስትበሉ ይታየኛል። ሾፌሩም ይታየዋል፤ «ሁለቱ ሲገናኙ በጉ ያልቃል» ይላል። ልብስ ሰፊው ብቻ ሸሚዝ መቁረጡን ትቶ ቀና አለ። «ደብዳቤውን እስቲ አሳየኝ» አለኝ። አላሳይህም አልኩት። ምን አገባው።

አሁን የምትጽፊልኝ ለትንሿ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምን ትዘዝ? ምን ይጠብቃታል? ባለሙያ እንደሚመክር አድርገሽ ንገሪያት።

በጠገበ አፍሽ መልሺልኝ።

አጎትሽ


መጋቢት ፳፭

ለውድ አጎቴ፤

ጤናዎንና የትንሿን ጤና እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተደሰትኩ። ለሚያነብልዎት ሰው ምስጋናዬን ይንገሩልኝ፤ እንዲህ ያለ አንባቢ አይቼ አላውቅም። ይህንንም በዚያ በሚያምር ድምፁ ሾፌሩና ልብስ ሰፊው ባሉበት ያንብብልዎ።

ለትንሿ ምን ይጠብቃታል ብለው ጠይቀውኛል። ምግብ ቤታችን ሳለን እኔ በእንግዶቹ መካከል ቆሜ ወደ ማብሰያው ክፍል እንደምጣራዎ አድርገው ይስሙኝ። በጉ የጋሼ ድርሻ ነው። ዓሳውም የጋሼ ድርሻ ነው። ሾርባው፣ ዳቦው፣ የምትተኛበት አልጋ ሳይቀር የጋሼ ድርሻ ነው። ለእሷ ብዬ ያቆየሁት ሳህን ከላይ እስከ ታች የጋሼ ድርሻ ነው።

እንደ ሁልጊዜው ፈጠን ብለው ያንሱት። እንግዳዋ ከመቀመጧ በፊት።

ትልቋ


ሚያዝያ ፲፩

ልጄ፣

ይህን የሚጽፍልሽ ልብስ ሰፊው ነው። ሰላምታ አላከለም። የምለውን ነው የሚጽፈው፤ ስሳደብም ይጽፋል።

ደብዳቤሽ የመጣው ትንሿ በምትሄድበት ቀን ጠዋት ነው። ባለ ከረባቱ ምርቃት ሊቀበል ፈልጎ ምግብ ቤቱ ድረስ ይዞት መጣ። ቆሞ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ በዚያ በሬዲዮ ድምፁ «በጉ የጋሼ ድርሻ ነው» ብሎ አነበበ። ጋሼ ማለት የቤቱ ባለቤት መስሎታል። «ባለቤቱ በጣም ቸር ሰው ናቸው ማለት ነው» ብሎ አስረዳን።

እኔ አላረምኩትም። ልብስ ሰፊው እንዲያውቀው ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ እዚህም ይጻፈው። በድሮው ምግብ ቤታችን ሥጋው የሸተተ፣ ሾርባው የተበላሸ እንደሆነ አንቺ እንግዳ ፊት «ተበላሽቷል» ብለሽ አትጮሂም። «ይሄ የጋሼ ድርሻ ነው!» ትይኛለሽ። እንግዳው አንድ የተከበረ ሰው አለ፣ ለእሱ ተቀምጦለት ነው ይላል። እኔ ድስቱን ከእሳት አውርጄ እደፋዋለሁ። ጋሼ የሚባል ሰው በቤታችን ኖሮ አያውቅም። ስንት ድስት በልቶ ሄደ መሰለሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታይ።

«ድንቅ ነው፤ ወረቀቱን ስጠኝ» አልኩት ባለ ከረባቱን። ሰጠኝና ሄደ። የቀድሞዎቹ ደብዳቤዎችሽ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላ ማስቀመጫ የለኝም። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልብስ ሰፊውን «አንብብ» አልኩት። ያን ቃል ከአፌ ለማውጣት ምን እንደፈጀብኝ እሱ ያውቃል። የጥር ወሩን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበው። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ያዘበት። ሾርባው ማንም ሳይነካው ቀረ።

ታክሲ ይዘን ባለ ከረባቱ ቤት ሄድን። መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። ትንሿ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። «ሊሸኙኝ መጡ!» ብላ ሳቀች።

«አትሄጂም» አልኳት። «እህትሽ አትምጪ ብላለች። ስሚያት።» ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ዳር ቆሞ የጥር ወሩን ደብዳቤ አነበበላት። እጣቢውን፣ የዱቄቱን ክፍል፣ መሳቢያውን፣ ሁሉንም።

ባለ ከረባቱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፈገግ ብሎ «እስቲ አባት፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ያንኑ ወረቀት ከልብስ ሰፊው እጅ ተቀበለና እንደገና አነበበው። «አልጋዋ ተዘጋጅቷል፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፤ ቶሎ ላኳት።» አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ። ትንሿ አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ ልብስ ሰፊውን።

«የቱ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

«የልብስ ሰፊው ነው።»

«የት ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

ወረቀቱን ያዝኩት። ልጄ፣ የት ጋ እንደሆነ ማሳየት አልቻልኩም። ጣቴን የማሳርፍበት አጣሁ። አርባ ዓመት ቢላ የያዘ እጅ ወረቀት ላይ እንደ ዝንብ ተንቀዋለለ።

«በበጋው ሁሉ ይሄን ሰውዬ ያመኑት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «እህቴ ቶሎ ላኳት አለች ብለው የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ልብስ ሰፊው ይቀናል ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ዛሬ ምን ተገኘ?»

ስለ ጋሼ ድርሻ ነገርኳት። ምግብ ቤቴ ሲዘጋ እሷ ገና ከጠረጴዛ በታች ነበረች፤ አታስታውስም። «እኔ ጋሼ የሚባል አላውቅም» አለች። ባለ ከረባቱ ጆሮዋ ላይ «ሽማግሌው ብቻቸውን መቅረቱን ፈርተው ነው» ሲላት ሰማሁት። ልጄ፣ ፈርቼም ነበር።

«በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያንብበው!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። አላፊ አግዳሚ ጠራ። ባለ ከረባቱ «አውሮፕላኑ አይጠብቅም» ብሎ የመኪናውን በር ከፈተ። ቦርሳዋን ያዝኩ። ሳበች፤ አለቀቅኩም። ትንሿን ታውቂያታለሽ። ቦርሳውን ለእኔ ለቀቀችልኝና ባዶ እጇን ገባች። መኪናው ሄደ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው «ዕድሜዋ የደረሰ ነው፣ ወረቀቷ የተሟላ ነው፣ በፈቃዷ ነው የሄደችው» አለን። ልብስ ሰፊው ተሟገተ፣ ሾፌሩ ተሳደበ፣ አስወጡን።

ቦርሳው አልጋዬ ላይ ነው። ከፈትነው። አንድ ቀሚስና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አለበት፤ ጫማው ገና ወረቀቱ ውስጡ ነው። ሾፌሩ «እንዲህ ያለውን ጫማ ሰው ለመንገድ አይዝም» አለ። ለምግብ ቤቱ ነው የገዛችው። ከአንቺ ጋር ስትቀመጥ ልታደርገው።

ስትደርስ ምን እንደምትያት አላውቅም። አንቺ ብታውቂ ንገሪያት።

አጎትሽ


ሰኔ ፪

ለውድ አጎቴ፤

ልብስ ሰፊው፣ የተጻፈውን ሁሉ ያንብቡላቸው። አንድ ቃል አይዝለሉ፣ አንድ ቃል አያሳምሩ።

ደርሳለች። በጓሮ በር ነው ያስገቧት። መጀመሪያ ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች፤ እጄን ስታይ መለሰችው። ለብዙ ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። አሁን ከጎኔ ባለው ገንዳ ላይ ቆማለች። የእኔን ቀሚስ ነው የለበሰችው። ፓስፖርቷ ከእኔው ጋር በአንድ መሳቢያ ተቆልፏል። ቦርሳውን አይላኩት፤ እጃችን አይደርስም።

በጣትዎ ማሳየት ባለመቻልዎ ራስዎን አይብሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው እኔ የጻፍኩት ነበር፤ ከእኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ ጋር ነው የተጣላው። እሷ መጀመሪያ የሰማችውን አመነች።

ያ ሰው ዛሬም ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ እንደሆነ የጥር ወሩን ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ልብስ ሰፊው ጮክ ብለው ያንብቡት። በማግስቱም ያንብቡት። ከወረፋው ውስጥ የሴት ልጅ አባት አይጠፋም።

አትክልት የሚያመጣው ሰውዬ ስለ ፓስፖርታችን የሚጠይቅልን ሰው አፈላልጋለሁ ብሏል። ተስፋ ልስጥዎ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ያለውን ነው።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ አሳላፊው ትሪ ይዞ ሲገባ የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ቀረ። ትንሿ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ አንገቷን አሰግጋ አየች። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ፣ ብርጭቆዎቹን፣ የተቀመጡትን ሰዎች። ብዙ አየች። ከዚያ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ድምፅ ተናገረችኝ።

«ያንቺ ጠረጴዛ የቱ ነው?»

አጎቴ፣ እውነቱን ታውቀዋለች። አጠገቤ ቆማ ታጥባለች፣ አጠገቤ ቆማ ትበላለች። ቢሆንም ጠየቀችኝ።

«ከዓምዱ አጠገብ ያለው ነው» አልኳት። «ሰው ያልበዛ ቀን እንቀመጥበታለን።»

ትልቋ